የየትኛው አጥቢያ ነው?

ክረምት ነበር፤ ሻኪሶ ላይ ለቅሶ ቤት ተቀምጠናል። ሟቹ ወርቅ ቆፋሪ ነው። ከሰሜን እንደመጣ ሁሉም ያውቃል፤ ከየትኛው ወረዳ እንደሆነ ግን አንድ ጉድጓድ ውስጥ አብረውት የከረሙት ልጆች እንኳ አልተስማሙም። ወባ ነው ያጣደፈችው። የእድሩ ጥሩምባ ሌሊቱን ተነፍቷል፣ ድንኳኑ ቆሟል፣ ንፍሮው ምድጃ ላይ ነው። ቀባሪ ሞልቷል፤ ዘመድ ነው የጠፋው። ከቤተ ክርስቲያን የተላከው ዲያቆን ጫማውን ከጭቃ እያላቀቀ ገባና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ፦

«የየትኛው አጥቢያ ነው?»

ከጓደኞቹ አንዱ ተነስቶ የሟቹን የእንጨት ሳጥን ከፈተ። ከአንድ ጋቢና ከተጣጠፈ ሱሪ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለች ካርድ ወጣች፤ የሰበካ ጉባኤ የአባልነት ካርድ። የሁለት ዓመት መዋጮ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተሞልቶባታል፣ ማኅተም አርፎባታል። ዲያቆኑ ገልጦ አያትና «የእኛ ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ ፍትሐቱም የመቃብሩ ቦታም ጥያቄ አላስነሳም። አገሩን የማናውቀው ሰው አገር ተገኘለት።

ስለ ሻኪሶ አብያተ ክርስቲያናት ለመጻፍ ያሰብኩት ያን ቀን ነው።

አማርኛችን አጥቢያ የሚለው ሊነጋጋ ሲል ያለውን ሰዓት ነው፤ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የሚኖረውን ምእመንና ሰፈሩንም አጥቢያ ይላል። ሻኪሶ ላይ ሁለቱ ይገናኛሉ። ሌሊቱ ሲያጠባ የቅዳሴው ዜማ በድምፅ ማጉያ ይሰማል፤ የመስጊዱ አዛን ይከተላል፤ ጥቂት ቆይቶ ከአንድ የቆርቆሮ አዳራሽ የወንጌላውያኑ ጸሎት ይጀምራል፣ መዝሙሩ ግማሹ በኦሮምኛ ግማሹ በአማርኛ ነው። በዚያው ሰዓት ቆፋሪዎቹ አካፋና ገበቴ ይዘው ወደ ወንዝ ይወርዳሉ፤ የቡና ነጋዴዎች አይሱዙ ላይ ጆንያ ያስጭናሉ።

ከተማዋ በሐዋሳ፣ በቦሬና በአዶላ አልፎ ወደ ነጌሌ ቦረና ከሚወርደው ዋና መንገድ ገባ ብላ፣ በጉጂ ምድር ላይ ተቀምጣለች። የአዶላ ወርቅ ከታወቀ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ወዲህ ነው። ከጣሊያን መባረር በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ማዕድኑን በራሱ እጅ አድርጎ አዶላን ክብረ መንግሥት አላት። ወርቁ በእጅ የሚታጠብ የወንዝ ወርቅ ነበርና ብዙ ጉልበት ፈለገ፤ ደመወዝተኛውም፣ በግዳጅ የመጣውም፣ እስረኛውም ወንዙ ዳር ተሰባሰበ። ከእነዚህ ሰዎች ጋር የደብዳቤ ጸሐፊ መጣ፣ ጠጅ ነጋዴ መጣች፣ ቄስ መጣ።

በደቡብ ከተሞች የኦርቶዶክስ አጥቢያ አጀማመሩ ብዙ ጊዜ ይመሳሰላል። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመቻ ወዲህ ወታደሩ የሰፈረበት ሁሉ ከተማ ተባለ፤ ከተማ በተባለበትም ታቦት ገባ። ቄሱ፣ ዲያቆኑ፣ ደብተራው የሚያርሱት ወይም የሚያሳርሱት የሰሞን መሬት ይሰጣቸው ነበር። ይህን መሸፋፈን አይገባም፤ ያ መሬት የሌላ ሰው እርሻ ወይም ግጦሽ ነበር። ብዙ የደቡብ ሽማግሌዎች ቤተ ክርስቲያንን ከነፍጥና ከግብር ጋር አያይዘው የሚያስታውሱት ስለዚህ ነው። የማዕድን ከተማ አጥቢያ ግን ትንሽ ለየት ይላል። እዚህ ታቦቱን የሚያስመጡት ሠራተኞች ናቸው፤ አዋጥተው፣ ተስለው፣ ሀገረ ስብከት ድረስ አቤት ብለው።

መጀመሪያ የሚቆመው መቃኞ ነው። መቃኞ ሕንጻው እስኪያልቅ ታቦቱ የሚያርፍበት ጊዜያዊ ቤት ነው፤ ጭቃ ምርጊት፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ በመጋረጃ የተከፈለ መቅደስ። መቃኞ ስሙ ጊዜያዊ ይሁን እንጂ ዕድሜው አይታወቅም። ገንዘቡ ከዘገየ ልጅ ተጠምቆበት፣ አድጎ፣ ተክሊል ደርሶበት፣ የራሱንም ልጅ ያስጠምቅበታል። ለእኔ የአንድ አጥቢያ ታሪክ ዋናው ምዕራፍ የመቃኞው ዘመን ነው። ጉልላቱ ከተሰቀለ በኋላ ታሪኩ ለአገር ይታያል፤ መቃኞውን ግን የሚያውቁት ጭቃውን የረገጡት ብቻ ናቸው። ወርቅ ያገኘ ሰው ጃንጥላ፣ መጋረጃ፣ ምንጣፍ ይሳላል፤ ያላገኘ ጉልበቱን ይሰጣል። ሰው ለመሄድ በሚመጣባት ከተማ መቃኞ የሚሠራ ሰው ልቡ ለመቅረት እንደከጀለ እዩበት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ምድሩ ባዶ አልነበረም፤ ከተቀደሰ ነገርም አልራቀም። ጉጂዎች በገዳ ሥርዓት ይተዳደራሉ፤ በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፈው ሜኤ ቦኮ በተባለው ስፍራ ነው። አዶላ ወዮ ከሚለው ስም ውስጥ «ወዮ» የሚለው ቃል በኦሮምኛ የተከበረ፣ የተቀደሰ ማለት ነው። ቃሉዎች፣ ምርቃት የሚሰጥባቸው ዛፎች፣ ያለ ሥርዓት የማይነኩ ስፍራዎች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። እንግዲህ ቄሱም፣ ሚስዮናዊውም፣ ወንጌላዊውም ሲደርስ አገሩ በጸሎት የተለካ ነበር። የአጥቢያን ታሪክ ከመጀመሪያው ቅዳሴ ጀምሮ የሚጽፍ ሰው ከመጽሐፉ መሃል ይጀምራል።

የደቡቡን ቆላ የቤተ ክርስቲያን ካርታ ጦርነትም ሥሎበታል። በጥር 1928 ዓ.ም. የራስ ደስታ ዳምጠው ሠራዊት በገናሌ ዶሪያ ከተሸነፈ በኋላ የግራዚያኒ ጦር ነጌሌን ያዘ። ከዓመት ጥቂት አለፍ ብሎ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 25 ቀን 1937፣ ሮም ነጌሌን የአንድ የካቶሊክ ሐዋርያዊ አስተዳደር መቀመጫ አድርጋ ሰየመች። ይህ የሆነው ራስ ደስታ በተገደሉ በአንድ ወር ውስጥ ነው። በወረራ ካርታ ላይ የተሣለው ስም ወረራውን አልፎ ቆየ፤ አስተዳደሩ የነጌሌ መባሉ ቀርቶ የአዋሳ የተባለው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በመካከሉ፣ በ1964፣ የኮምቦኒ ሚስዮናውያን ወደ ሲዳማ ምድር መጡ፤ ኋላም ወደ ጉጂ ዘልቀው ቂለንሶን የመሰሉ ጣቢያዎች ከፈቱ። እነዚህኛዎቹ ከጦር ጀርባ አልመጡም፤ ኦሮምኛ ተምረው፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ሠርተው ነው ሰው የለመዳቸው።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1948፣ የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን ወደ ደቡብ ገባ። ቻይና ውስጥ ለአሥርት ዓመታት የሠሩ ሰዎች ያ በር ሲጠብባቸው ፊታቸውን ወደ ሲዳሞና ቦረና አዞሩ። ከሥራቸው ፍሬ ጋር ሌሎች ተደምረው በጥር 1951 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ተመሠረተች። የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን መንገድ ደግሞ ከዚህ ይልቅ የእግር መንገድ ነው። ጣሊያን የሱዳን ውስጥ ሚሲዮንን ሰዎች ከወላይታ ሲያባርር የተጠመቁት ምእመናን 48 ያህል ብቻ ነበሩ ይባላል። ሚስዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ የጠበቃቸው በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ነው። ያ ሕዝብ ከራሱ መካከል ወንጌላውያንን እየመረጠ ወደ ጎረቤት ሕዝቦች ላከ፤ ስንቁን በአኩፋዳ፣ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ቀናት የሚሄድ ሰው ነው የላከው። የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስም ቀድሞ ነበር፤ ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበት፣ በ1899 እ.ኤ.አ. በፊደል የታተመው። ሩቅ የተጻፈ መጽሐፍ ደቡብ ድረስ አንባቢ አገኘ።

በደርግ ዘመን የብዙዎቹ አዳራሾች በር ታሸገ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1979 ታፍነው ተገደሉ። በየገጠሩ ምእመኑ ሌሊት በቤት ተሰብስቦ፣ መዝሙሩን በሹክሹክታ አደረገው። ከዚያ ዘመን የወጡ እናቶች ዛሬም ሲዘምሩ ድምፃቸውን የሚቆጥቡ አሉ፤ ሻኪሶ ላይ አንዲቱን አጠገቤ ቆማ ሰምቻታለሁ፤ አዳራሹ ሲያናጋ እሷ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር።

የኦርቶዶክሱ አጥቢያ ፈተና በሌላ በኩል መጣ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የሰሞን መሬት በአንድ ቀን ቀረ። ካህኑ የሚያርሰው፣ ደብሩ የሚያከራየው አጣ። ቤተ ክርስቲያን በየገጠሩ ያልተዘጋችው ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1965 ዓ.ም.፣ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ቃለ ዓዋዲ የተባለው ደንብ ወጥቶ ስለነበር ነው። ደንቡ በየአጥቢያው ካህናት፣ ምእመናንና ወጣቶች የሚወከሉበት ሰበካ ጉባኤ አቋቋመ፤ አባሉም መዋጮ እንዲከፍል ሠራ። መሬቱ ሲሄድ የቀረው ያ መዋጮ ነው። ደንቡን ያቆሙት ፓትርያርክ ራሳቸው በደርግ ታስረው ተገደሉ፤ ደንቡ ግን ሰነበተ። ከቆፋሪው ሳጥን የወጣችው ካርድ ዘሯ ከዚያ ነው። የሰሞን መሬት የነበረበት ቦታ ላይ የቆመችው እሷ ናት።

ያቺን ካርድ በእጄ ይዤ ስለ ስኮትላንድ የገጠር አጥቢያዎች ያነበብኩት መጣብኝ።

በስኮትላንድ ገጠር ምእመኑ ወደ ቅዱስ ቁርባን ከመቅረቡ በፊት ከእርሳስ ብረት የተቀለጠች ትንሽ ምልክት ይሰጠው ነበር፤ ሳንቲም ትመስላለች። የአጥቢያው ስም መነሻ ፊደልና ዓመቱ ተቀርጾባታል። የአጥቢያው ሽማግሌዎች ኑሮውንና እምነቱን መርምረው ይሰጡታል፤ እሱም በቁርባኑ ቀን መልሶ ያስረክባል። ያልያዘ ከማዕዱ አይቀርብም። አጥቢያው ሬሳ ሳጥን የሚሸፈንበት ጥቁር ከፋይ ጨርቅም ነበረው፤ ለቀብር ይከራያል፣ ኪራዩ ለድሆች ይውላል። የእድራችንን ድንኳንና ወንበር ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የአጥቢያው ሰባኪ የሚያርሰው መሬት ነበረው፤ ቤተ ክርስቲያኑንና የሰባኪውን ቤት የመሥራትና የማደስ ግዴታ ደግሞ የባለርስቶቹ ነበር፤ ይህ ግዴታ የተነሳላቸው እ.ኤ.አ. በ1925 በወጣ ሕግ ነው። በ1696 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ እያንዳንዱ አጥቢያ ትምህርት ቤትና አስተማሪ እንዲኖረው አዝዞ ነበር።

ባለርስቱ ቤተ ክርስቲያኑን ከሠራ ሰባኪውንም እኔ ልምረጥ አለ። ከ1712 ጀምሮ ሕግ አገዘው። ሕዝቡ ያልፈለገው ሰው በላዩ እየተሾመ ከመቶ ዓመት በላይ አጉረመረመ፤ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. ግንቦት 18 ቀን 1843 ኤድንብራ ላይ መለያየቱ በጉባኤው ፊት ታወጀ፤ ከ1,200 ገደማ ሰባኪዎች ከ450 የሚበልጡት ቤተ ክርስቲያኗን ለቀው ወጡ። ቤታቸውን፣ ደመወዛቸውን፣ መሬታቸውን ትተው ነው የወጡት። ተከትሏቸው የወጣው ሕዝብ በየገጠሩ አዲስ ቤተ ክርስቲያን መሥሪያ ቦታ ፈለገ። መሬቱ ግን የእነዚያው ባለርስቶች ነበር።

ስትሮንሺያን በተባለች የምዕራብ ደጋማ መንደር ባለርስቱ ለእነዚህ ሰዎች አንድ ክንድ መሬት አልሰጥም አለ። ሕዝቡ በዝናብ ሜዳ ላይ ጸለየ። ከዚያ አዋጥተው በክላይድ ወንዝ ዳር ተንሳፋፊ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ በ1846 በባሕር አስጎትተው ሎክ ሱናርት በሚባለው የባሕር ክንድ ላይ መልሕቅ ጣሉላት። ውሃው ባለርስት የለውም። ሰንበት ሰንበት በጀልባ እየቀዘፉ ይገቡባት ነበር። መቶ ሰው በገባ ቁጥር አንድ ኢንች ትሰምጣለች ይባላል፤ ከባሕር ዳር ሆኖ የሚያይ ሰው የሰባኪውን ተወዳጅነት ከጥልቀቷ ይለካ ነበር። ይህችን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር መቃኞ ትዝ ይለኛል። ጭቃ ላይም ይሁን ባሕር ላይ፣ ሰው ለጸሎቱ ማረፊያ ሲያጣ የሚሠራው ያንኑ ነው።

የተለያዩት አብዛኞቹ በ1929 መልሰው አንድ ሆኑ። ነገር ግን በአንዲት ትንሽ መንደር ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶ ነበርና የሚሞላቸው ሰው አልነበረም። ዛሬ ብዙዎቹ ተሸጠዋል፤ መኖሪያ ቤት የሆነ አለ፣ መጋዘን የሆነ አለ። ሻኪሶ ላይ ሰው በየመቃኞው ተጨናንቆ በመስኮት ሲያስቀድስ፣ እዚያ ባዶ ወንበር ይቆጠራል። በዚህ መኩራት አይገባንም። እነሱም እንደእኛ በመስኮት ያስቀደሱበት ዘመን ነበራቸው።

አገራችንም ከዚያች አገር ጋር የቤተ ክርስቲያን ገመድ አላት። በጎንደር ዘመን የመጣው ጄምስ ብሩስ የተቀበረው ላርበርት በተባለች የስኮትላንድ አጥቢያ ነው፤ መጽሐፈ ሄኖክን በግዕዝ ቅጂ ወደ አውሮፓ የወሰደው እሱ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤድንብራ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሳጥን ውስጥ ከመቅደላ የተዘረፈ ታቦት ተገኘ። ደብሩ አላመነታም፤ በቀጣዩ ዓመት ለኢትዮጵያ መለሰው፤ አዲስ አበባ ላይ በእልልታና በከበሮ አቀባበል ተደረገለት። የአንድ አጥቢያ ሰዎች የሌላ አጥቢያ ልብ የት እንዳለ ስላወቁ ነው የመለሱት ብዬ አምናለሁ።

ከስኮትላንድ አጥቢያዎች የቀናሁበት ግን አንድ ሰው ነው፤ ሰር ጆን ሲንክሌር። እ.ኤ.አ. በ1790 ገደማ ከ160 የሚበልጡ ጥያቄዎች ጽፎ ለየአጥቢያው ሰባኪ ላከ። ስንት ሰው ይኖራል? ምን ይዘራል? የቀን ሠራተኛ ስንት ይከፈለዋል? የአጥቢያው ስም ምን ማለት ነው? ስንት ድሃ ይረዳል? በመንደሩ ምን ዓይነት በሽታ ይበዛል? የዘገየውን በደብዳቤ ወተወተ፤ ጭራሽ ላልመለሰው ሰው ላከበት። ከ1791 እስከ 1799 ባለው ጊዜ የ938 አጥቢያዎች መልስ በ21 ቅጽ ታተመ። ዛሬ ከእነዚያ መንደሮች አንዱን የሚያጠና ሰው ሰባኪው በ1790ዎቹ ስለ ድንች ዋጋና ስለ ልጆች ፈንጣጣ የጻፈውን ያነባል። ከዚያም በፊት የጥምቀት መዝገባቸው አለ፤ የመጀመሪያው ከ1553 ጀምሮ ነው።

እኛ ዘንድ መዝገቡ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው፤ ዝናብና አይጥ ያገኘዋል። ማኅተሙን ብቻ ማየት ያስተምራል፤ አንዱ ሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ይላል፣ አንዱ ሲዳሞ ክፍለ ሀገር፣ አንዱ ቦረና፣ የቅርቡ ጉጂ። አጥቢያው ካለበት አልተነቃነቀም፤ ከላዩ ያለው አገር ስሙን ለወጠ። የቀረው ታሪክ በሰው ራስ ውስጥ ነው። ያ ሰው ደግሞ ሰማንያን እየተሻገረ ነው።

የከተማዋ ሌላ ታሪክ ግን በደንብ ተጽፏል፤ ምክንያቱም ወርቅ ነው። የለገ ደምቢ የወርቅ ማዕድን እ.ኤ.አ. በ1997 በ172 ሚሊዮን ዶላር ለሚድሮክ ኩባንያ መሸጡ ተጽፏል። ሕዝቡ ስለ ጤናው ጮኾ ፈቃዱ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 መታገዱም ተጽፏል፤ በኋላ ሥራው መቀጠሉም። ያኔ በየአጥቢያው የተጸለየውን፣ ልጃቸው ታሞባቸው ጸበል ያመላለሱትን እናቶች፣ ከመድረክ የተናገረውንና ዝም ያለውን ማን ይጽፈው? ኪሎ የሚመዝን መዝገብ ይህን አይዝም።

ስለዚህ በሲንክሌር ቀንቼ የራሴን ጥያቄዎች ጻፍኩ። 160 አልሞሉም፤ 31 ናቸው። መቃኞውን ማን ማገረው? የመጀመሪያው ጥምቀት የት ወንዝ ነበር? የመጀመሪያው መቃብር የማን ነው? ስብከቱ ወደ ኦሮምኛ መተርጎም የጀመረው መቼ ነው? አዳራሹ በታሸገበት ጊዜ ቁልፉ ማን ዘንድ ነበር? ወረቀቱን ይዤ ከቄሰ ገበዙ ዘንድ ሄድኩ፣ ከመካነ ኢየሱስ ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ፤ ከወርቅ ማጠቢያው የቀሩ ጡረተኞች ዘንድም። ሁሉም መለሱልኝ፤ ቡና አፍልተው፣ እርስ በርሳቸው እየተራረሙ። አንዱ «መቃኞው በጥቅምት ነው የቆመ» ሲል ሌላው «አይደለም፣ ያኔ እንጨት አጥተን አልነበር?» ይላል።

በመጨረሻ አንድ የጉጂ አዛውንት ዘንድ ደረስኩ። ግቢያቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ጋር በአጥር ይዋሰናል። ኦቦ ብዬ ሰላምታ ሰጠሁ፤ ልጃቸው እያስተረጎመ ተጫወትን። ወረቀቴ ላይ ካሉት ውስጥ የመጨረሻውን ጥያቄ ጠየቅኳቸው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከመሠራቱ በፊት እዚህ ምን ነበር?

አዛውንቱ አልመለሱም፤ ተነሱ። በትራቸውን ይዘው እስከ አጥሩ ሄዱና በቅጽሩ ውስጥ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ የቆመውን ትልቅ ዛፍ አሳዩኝ። ምእመናን ቅዳሴ ሲወጡ ጥላው ሥር የሚያርፉበት ነው፤ ነጠላ የለበሱ ሁለት ሴቶች ያን ጊዜም ተቀምጠውበት ነበር። አባታቸው ሽማግሌ ሆነው ሰው ያስታርቁ የነበረው እሱ ሥር ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሲሠራ ካህናቱ አልቆረጡትም።

«ቢርቢርሳ» አሉ።

ልጃቸው «ዝግባ ማለታቸው ነው» አለኝ። ሁለቱንም ስም ጻፍኩት፤ የእሳቸውን አስቀድሜ።